በሁለት እጅ

ረቡዕ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

ዛሬ ሜክሲኮ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተክለኣብን ያየሁት መሰለኝ። ፊቱን አላየሁም፤ ጀርባውን ነው። ያ ረጅም አንገት፣ ያ ግራ ትከሻውን ከፍ የሚያደርግበት አቋቋም። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። እኔ መምህርት ፀሐይቱ፣ ወረፋ የሚያፈርስ ሰው ስገስጽ የምውል ሴትዮ፣ ወረፋዬን ጥዬ ፊቴ የተከፈተ ታክሲ ውስጥ ዘው አልኩ። ረዳቱ «እናት፣ ሳሪስ ነሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ሳሪስ ምን አለኝ? ማንም የለኝ። ደርሼ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩ።

እሱ ሊሆን አይችልም። ሰው ከሰው ይመሳሰላል።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ተክለኣብ የታናሽ እህቴ የለተብርሃን ባል ነው። እህቴ ከሞተች በኋላ ልጃቸውን ኣድያምን «ለስድስት ወር ያዢልኝ» ብሎ አስረክቦኝ ለሥራ መቀሌ ወጣ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ኣድያም ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። አባቷን አታስታውሰውም። እኔን እቴቴ ነው የምትለኝ። አንዳንዴ አምልጧት እማ ትለኛለች። አላርማትም፤ ሕፃን ልጅ በየደቂቃው አይታረምም።

ባለፈው ሐምሌ ደወለ። ቆስዬ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤት ተኛሁ አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። «ልጄን ላያት እመጣለሁ» አለኝ። «ትንሽ ቆይ፣ አሁን አትረብሻት» አልኩት። በነሐሴ ደግሞ ስልኬን እዚያው ሜክሲኮ ነጠቁኝ። አዲስ ስልክ ገዛሁ፣ አዲስ ቁጥር አወጣሁ። የድሮው ቤታችን ፈርሶ ወደ ልደታ መዛወራችንንም አያውቅም። በዚህ በዚህ ተጠፋፋን። ምን ላድርግ? ሌባ ነው የነጠቀኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

የማታ ክፍል። የዚህ ወር ትምህርታችን እንግሊዞች ለመያዝና ለመንጠቅ የሚሏቸው ቃላት ናቸው። ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ በቃል አላስጠናቸውም፤ እያንዳንዱን ቃል ተነስተው በእጃቸው ማሳየት አለባቸው። እጅ ያወቀውን አፍ አይረሳውም እላቸዋለሁ።

ግራብ፦ ቶሎ ብሎ፣ ሳያስፈቅዱ፣ ላፍ ማድረግ። ፉፋ ተነስቶ አሳየ። ፉፋ የአብነት–ሜክሲኮ መስመር የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ የረዳቱን ተሳፋሪ አሳሳብ እንዳለ ተጫወተው፤ ሰው በሳቅ ሞተ። የዛሬ ልጆች «ቡና ግራብ እናድርግ» ይላሉ፤ እንግሊዞቹም እንደዚያ ይላሉ፣ ስህተት አይደለም። ለእኔ ግን ቡና ላፍ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ስናች፦ መንጠቅ። በድንገት ነው፤ ባለቤቱ እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ይቀራል። የአብነት ጭልፊት ከልጅ እጅ ሥጋ ይዛ ስትሄድ። ለምሳሌ የስልኬን ነገር ነገርኳቸው። ፉፋ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ቁጥሩን ግን አወጡት አይደል?»

«የቱን ቁጥር?»

«የድሮውን ነዋ! ቴሌ መታወቂያ ካሳዩ እኮ ያንኑ ቁጥር ይሰጡዎታል። እኔ ተሰርቄ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።»

ሰልፍ ይኖራል ብዬ ነው ያልሄድኩት አልኩት። ይሄ ፉፋ ወሬ ያበዛል። ፈተና ላይ ከሃያው ሰባት ነው ያመጣው።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አቶ ነጋ በር ላይ ጠበቁኝ። አቶ ነጋ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ ጎረቤታችንም።

«ፀሐይቱ፣ ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ አንቺ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ? መምህርት ናት፣ ጨዋ ናት አልኩ። እሱም ጨዋ ነው። ቀኝ እጁ ተጎድቷል መሰለኝ፣ በግራው ጨበጠኝና ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

ምሳ አልበላ አለኝ። ጾም ስለሆነ አልኳት ለኣድያም። ጾም ምሳ አይከለክልም አለችኝ። ልክ ናት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

የግቢውን በር ቁልፍ አስቀየርኩ። ድሮም ያስቸግር ነበር። ኣድያምን ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ ሳዲያ ነበረች፤ ሳዲያ እዚያው ግቢያችን ልብስ ትሰፋለች፣ የልብ ጓደኛዬ ናት። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማመጣት። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም፣ መንቀሳቀስ ለጤና ነው አልኳት።

አስፋልት ስንሻገር ኣድያም «እቴቴ፣ እጄን አመምሽኝ» አለች። መኪናው በዛ። አሽከርካሪው ሁሉ አብዷል በዚህ ዘመን። ከተሻገርን ብዙም ሳይቆይ ለቀቅ አድርጌያታለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሲዝ፦ ይሄ ከባድ ቃል ነው። በኃይል ወይም በሥልጣን መያዝ። ሌባ ስናች ያደርጋል፤ ሕግ ግን ሲዝ ያደርጋል። ፖሊስ ዕቃ ሲይዝ፣ ፍርድ ቤት ንብረት ሲያግድ። ፍርሃትም ሰውን ሲዝ ያደርጋል። አጋጣሚ ሲገኝም በዚሁ ቃል ነው የሚይዙት፤ እንደ ዕዳ ንብረት።

ተማሪዬ ሰሚራ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠበቃ ቢሮ ትጽፋለች፤ ይህን ቃል ወደደችው። ከክፍል ስንወጣ ጠጋ አልኳት።

«ሰሚራ፣ ለክፍል ምሳሌ ፈልጌ ነው። አንዲት ሴት፣ ልጅ አሳደገች እንበል። የልጅቷ አባት ጠፍቶ ጠፍቶ መጣ እንበል። ሊወስዳት ይችላል?»

«አባት ነው ቲቸር። የአባት ነገር ከባድ ነው።» አየችኝ። «ግን ዝም ብሎ አይወስድም፤ ለልጅቷ የሚበጃት ይታያል። እሷም ትጠየቃለች።»

«ምን ብላ ትመልሳለች?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ? ምሳሌ ነው ብለውኝ የለ?»

ምሳሌ ነው አልኩ። እስከ ታክሲ ድረስ ቦርሳዬን ያዘችልኝ። ለምን እንደያዘችልኝ አልገባኝም፣ ከባድ አልነበረም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ቸኩያለሁ። ፈተና እርማት። የኣድያም ጉንፋን። ሳዲያ አኩርፋለች።

ዛሬ ክላች፦ እንዳይወሰድብን ስንፈራ ደረታችን ላይ ጭብጥ አድርገን መያዝ። ፉፋ «ክላች የመኪናው ፍሪሲዮን አይደል እንዴ?» አለ። ያው ቃል ነው አልኩት፤ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ይዞ ይለቅ የለ? «የኔው ይይዛል፤ መልቀቁን ነው እምቢ ያለው። ነገ ጋራዥ ነኝ» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለማሳየት ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ነበር። የሚቀጥለውን ቃል ጽፌ እስክጨርስ አላስቀመጥኩትም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

መጥቷል። ልደታ ማርያም ግቢ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ኣድያም የዘንባባ ቀለበት እየሠራች በየጣቷ ታጠልቃለች። ቀና ስል አየሁት። እሱም አየኝ። ሊመጣ ነው ብዬ ልጅቷን ወደ ነጠላዬ ሳብኳት። አልመጣም። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከስቷል። ጸጉሩ ሸብቷል። ከእኔ በስንት ዓመት ታናሽ ነው እኮ።

«እቴቴ፣ ያ ሰውዬ ለምን ያለቅሳል?»

«ጸሎት እያደረሰ ነው።»

«የምን ጸሎት?»

«የራሱን። ዘንባባሽን ያዢ፣ እንሂድ።»

በሌላው በር ወጣን። እየተከታተለን ነው። ክፉ ሰው ነበር ልል ፈለግሁ፤ ግን አልነበረም። ለተብርሃን ስትታመም ገላዋን ያጥብ የነበረው እሱ ነው። እኔ እንኳ የማልችለውን። ይህን አሁን ለምን እንደጻፍኩ እንጃ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ዶሮ ሠራሁ። ጨው በዛበት። ኣድያም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ «ለማን ላሳይ?» ትላለች። ለእኔ አሳይተሽኛል እኮ ስላት «አንቺማ ገዝተሽዋል፣ ታውቂዋለሽ» አለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፍ፤ ማፈሬ አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፦ አቶ ነጋ፣ ቄስ ገብረአረጋዊ፣ ሐጂ ዓብዱልሰላም። ነጭ በነጭ። ግቡ አልኳቸው። ገቡ፣ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸም አይቀመጥም፤ ይህን ማን ያጣዋል? እኔ ግን ሦስቱ ቆመው ሳያቸው ቤቱ ጠበበኝ። ኣድያም ጓዳ ናት፣ ድምፅዋ ይሰማል። ቄስ ገብረአረጋዊ የእነ ተክለኣብ ቤተሰብ ንስሐ አባት ናቸው፤ ቤታችንን ያሳዩትም እሳቸው ይሆናሉ። ወዲያው ገባኝ። አቶ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ልጃችን ፀሐይቱ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ዛሬ...» ብለው ሳይጨርሱ፣

«ስለ ልጅቷ ከሆነ አልሰጥም!» አልኩ። «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ነው የምትወስዷት!»

ሐጂ ዓብዱልሰላም መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ ገና እግዜር ይመስገን አልተባባልንም» አሉ።

በዚህ መሀል ሳዲያ፣ ኩርፊያዋን የረሳች ሳዲያ፣ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ቤቴ ሲገቡ አይታ ኖሮ ከግቢው ጫፍ እልልታዋን አቀለጠችው። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሽማግሌ፣ ያላገባች መምህርት፤ ምን ታስብ? ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ እምቢ እያልኩ ግቢው እልል ይላል። ቄስ ገብረአረጋዊ ሳቃቸው መጣና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እንግዲያው እንመለሳለን» አሉ አቶ ነጋ። «ሽማግሌ አንድ ጊዜ መጥቶ አይቀርም።»

ውሃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም። አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር? ሽማግሌ አፉን ሳይከፍት እምቢ ማለት! የሰፈር ዱርዬ እንኳ አያደርገውም።

ኣድያም ከጓዳ ወጥታ «እቴቴ፣ ልታገቢ ነው?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ባለሱቁ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ባለዳቦ ቤቷም። ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር።

ለሳዲያ ሁሉን ነገርኳት። መርፌዋን አቁማ «ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሽው?» አለች።

«ምን ይፈልጋል? ልጁን ነዋ።»

«እሱ አለሽ ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?»

መርፌዋን ቀጠለች። ለመናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ክሊንግ፦ ሙጭጭ ማለት። እጅ ብቻ አይደለም፣ ገላ በሙሉ። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የእናቱ ቀሚስ ላይ። አዋቂም ሐሳቡ ላይ፣ የድሮ ነገሩ ላይ ክሊንግ ይላል። ሰሚራ ጠየቀች፦ «ቲቸር፣ ልጁ ነው እናትየዋ ላይ ሙጭጭ የሚለው፣ ወይስ እናትየዋም ትላለች?»

ለሁለቱም ይሠራል አልኳት።

ኣድያም የመጀመሪያ ቀኗ ላይ አላለቀሰችም። እጄን ለቀቀችና ሮጠች። ጥግ ይዤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለክፍሉ አልነገርኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዛሬ እንደ ሰው ተቀበልኳቸው። ቤቱን አጽድቻለሁ፣ ኣድያም ሳዲያ ጋ ናት። ቆሙ። «ምን እግር ጣላችሁ?» አልኩና ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

ቄስ ገብረአረጋዊ ናቸው የተናገሩት። «ተክለኣብ ልኮን ነው። ልጄን ስጡኝ አላለም። ምን ይዤ ነው የምወስዳት? ቤት የለኝ፣ እጄም እንዲህ ሆኗል አለ። አንቺ እናት ሆነሽ እንዳሳደግሻት ያውቃል። ልጄ እኔን አታውቀኝም፣ በመንገድ አስቁሜ አባትሽ ነኝ ብላት ትደነግጥብኛለች። የምታምነው ፀሐይቱን ነው፤ እሷ ታስተዋውቀኝ አለ። ይኸው ነው የላከን።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

ሁለት ወር ሙሉ ቁልፍ ስቀይር፣ በር ስለውጥ፣ ታክሲ ስሳሳት። ሰውየው ለካ የሚለምነው እኔን ነው።

አቶ ነጋ ቀጠሉ፦ «ሌላም አለ። የድሮ ቁጥርሽን በቃሉ ይዞታል። በየእሑዱ ይደውላል። አይሠራም፤ ግን ይደውላል። ለምን ትደውላለህ ስለው፣ ልጄን ላያት እመጣለሁ ያልኩትን ላለመርሳት ነው አለኝ።»

ሦስት ወንበር ወደ እነሱ ጎተትኩ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «እሺ ብያለሁ። ተቀመጡልኝ።»

ሐጂ ዓብዱልሰላም ወንበሩ ላይ እየተደላደሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ እኮ አልቆ ነበር» አሉ። ጥቂት ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ ሽማግሌዎቹም ግድግዳ ግድግዳውን አዩልኝ።

ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ስንበላ ይምጣ ብለናል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ለኣድያም ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ዋልኩ። አልነገርኳትም። ነገ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ነገ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ልደታ

አልነገርኳትም ነበር። እንዳልነገርኳት መጣ።

ግቢያችን እንደየዓመቱ ከበር ውጪ ጉልቻ ጥሎ ንፍሮ ቀቀለ፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። የልደታ ንፍሮ ቤት ውስጥ አይበላም፤ ደጅ ነው፣ ካለው ሰው ሁሉ ጋር። ድስቱ የሳዲያ ነው፤ የግቢያችን ትልቁ ድስት እሷ ጋ ስለሆነ ያለ እሷ ልደታ አይከበርም። ኣድያም ጭልፋ ይዛ አዳይ ሆናለች። የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳለች። ለአቶ ነጋ፣ ለሐጂ፣ ለልጆቹ፤ ሁሉም ሁለት እጁን ገጥሞ ይቀበላታል።

ተክለኣብ ከቄስ ገብረአረጋዊ ጋር መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ አንገትጌው በደንብ አልተተኮሰም። ከሰው ራቅ ብሎ ቆመ። ኣድያም አየችው፣ እንግዳ ነው፣ ጭልፋዋን ሞልታ ሄደችለት። ግራ እጁን ብቻ ዘረጋ። ቀኙ ኪሱ ውስጥ ነው።

አልሰጠችውም።

«ጋሼ፣ በግራ አይቀበሉም» አለችው። «በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። እቴቴ ትቆጣለች።»

እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ገና ጣቷን አጣጥፋ መያዝ ሳትችል፣ ዳቦም ይሁን ከረሜላ፣ በሁለት እጅ ካልሆነ አልሰጣትም ነበር። አቶ ነጋ «ተይ ልጄ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

ተክለኣብ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ናቸው የቀሩት። ከግራው ጋር ገጠመው። ኣድያም እጁን አየች። አንዴ ፊቱን፣ አንዴ እጁን። አልሸሸችም። ንፍሮውን አፈሰሰችለት፤ በክፍተቱ መውረድ ሲጀምር ጭልፋውን መሬት አስቀምጣ የራሷን ሁለት መዳፍ ከእጁ ሥር አደረገች።

«ይኸው» አለች። «አሁን አይፈስም።»

ለዚህ ቀን ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ። ቀረብኩና ጎኗ ተንበረከክሁ።

«ኣድያሜ፣ ጋሼ አትበይው። አባትሽ ነው።»

እጇን አላነሣችም፤ ብታነሣ ንፍሮው ይፈስሳል።

«የእውነት?»

«የእውነት።»

«እና እስካሁን የት ነበር?»

ተክለኣብ እኔን አየኝ። አሁን ይናገራል አልኩ። ደወልኩ ይላል፣ ቆይ አለችኝ ይላል፣ ከዚያ ቁጥሯን አጠፋች ይላል። እውነቱ ያ ነው። ሌባው የነጠቀኝ ስልኩን ብቻ ነው። ጠበቅሁ።

«ስልካችሁ ጠፍቶብኝ ነው፣ ልጄ» አላት። «የእኔ ጥፋት ነው።»

ኣድያም ራሷን ነቀነቀች። «የእቴቴም ጠፍቶባት ነበር። ሌባ ነጠቃት። እሷ ግን አዲስ ገዛች» አለችው።

«ጎበዝ ናት» አለ።

ምነው በሰደበኝ ኖሮ። ንፍሮውን መዳፎቿ ላይ ለቀቀና አንድ አንድ እያነሣ በላ፤ ኣድያም እስኪጨርስ ድረስ እጇን አልሰበሰበችም። ከዚያ ጭልፋዋን አንሥታ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ አንቺስ አትወስጂም?»

እሱ ፊት። ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ተክለኣብ ራሱን ወዘወዘ፣ ተያት እንደማለት። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

መታወቂያዬን ይዤ ቴሌ ሄድኩ። ሰልፍ አልነበረም። የድሮ ቁጥሬ ለሌላ ሰው አልተሰጠም። ፉፋ እውነቱን ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ደወለ። እኔ አላነሣሁትም። እየጮኸ ለኣድያም ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።